የማራገቢያው ወለል

ጋሽ ብሎን ሦስተኛውን የብረት ድጋፍ በይዶ ሲጨርስ ወገቡ አልቃና አለው። ዱቄት ፋብሪካው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አዲስ የተተከለው ትልቁ ማራገቢያ ወለሉን እያንቀጠቀጠ ሰው አላስቀምጥ ካለ አራተኛ ቀኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ብረት ጨምርበት፣ ጥርቅም አድርገህ እሰረው» ብለውታል። እሱም አልተቃወመም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የላላ ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የወጣ ነው።

ማራገቢያው ተነሣ። ወለሉ ከትናንቱ ብሶ ተንዘፈዘፈ።

ምድር ቤት ጆንያ የምትሰፋው ታላቅ እህቱ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች። «ኧረ በፈጠረህ! መርፌው ጣቴን ወጋኝ እኮ። እየጠገንክ ነው እያባባስክ?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ እትዬ» አለና ሞተሩን አጥፍቶ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። የማራገቢያው ዙር እየቀነሰ ሲሄድ መንቀጥቀጡም መቀነስ ሲገባው፣ ጭራሽ ለአፍታ አይሎ አንገጫገጨውና ድንገት ረገበ። ደግሞ አስነሥቶ አጠፋው። ያው ነው።

ወለሉ ሲነካ የሚወዛወዝበት የራሱ ምት አለው። የማራገቢያው ዙር ከዚያ ምት ጋር ከገጠመ ትንሹ ግፊት እየተደራረበ ትልቅ ይሆናል። ማራገቢያው ድሮም ከወለሉ ምት ጥቂት ይፈጥን ነበር፤ ወለሉ በብረት በጠነከረ ቁጥር ግን ምቱ እየፈጠነ ተጠጋው።

«ሁለቱን ያቀራረብኳቸው እኔው ነኝ» አለ፣ ፊቱን በመዳፉ እየጠረገ።

ድጋፎቹን ላንሣ ማለቱን ሥራ አስኪያጁ ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። «እየተንቀጠቀጠ ድጋፍ ይነሣል? ያምሃል እንዴ?»

«ይነሣና ክብደት ይጫንበት። ሲከብደው ምቱ ይዘገያል፤ ይራራቃሉ። የስንዴ ጆንያ ሲቆለልበት የኖረ ወለል ነው፣ ይችላል።»

«ባይሆንስ?»

«መልሼ እበይደዋለሁ» አለ። ገና ሲያስበው ትከሻውን አመመው።

በገዛ እጁ የበየደውን ሲቆርጥ ዋለ። ከማራገቢያው መቀመጫ ጋር ከባድ የሲሚንቶ ጠፍጣፋዎች አሰረና ማብሪያውን ተጫነ። እግሩ ሥር ስስ ንዝረት ብቻ ቀረ።

«አጠፋኸው እንዴ?» ብላ እህቱ ከታች ጮኸች።

«እየሠራ ነው!»

ሥራ አስኪያጁ ወለሉን በጫማቸው መታ መታ አደረጉና «እኔ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

ጋሽ ብሎን እግሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ተደገፈና ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ።