ከቤይሩት የመጣው ስም

ምሥጋና ከቤይሩት ከተመለሰች ወዲህ ቀትር ላይ ሙዙ ጥላ ሥር ጋደም ባለች ቁጥር በዓረብኛ ታወራለች። ድምፁ የራሷ አይደለም፤ የሚያዝዝ፣ የሚቆጣ የሴትዮ ድምፅ ነው። አባቷ ኦይታ መቆፈሪያውን ያስቀምጥና ያዳምጣል። ቃሉ ባይገባውም ዜማውን ይይዘዋል።

ጡረተኛው መምህር ብርሃነመስቀል ሙዝ ሊገዙ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው ማሳ ብቅ ሲሉ የያዘውን አሰማቸው።

«ይኼ የሻም፣ የነሶርያና የነሊባኖስ ሰዎች ዓረብኛ ነው» አሉ። «እንግሊዞች ሌቫንታይን ይሉታል። ከጣሊያንና ከፈረንሳይ የወሰዱት ቃል ነው፤ ፀሐይ መውጫ እንደማለት።»

«ለባለቤቶቹም ፀሐይ ከገዛ ቤታቸው ነው የምትወጣው፣ ጋሼ?»

መምህሩ ሳቁ። «አንተ ደግሞ። ስሙን ያወጣው ከወዲያ፣ ከምዕራብ ቆሞ ያያቸው ነው። እነሱን ማን ጠየቃቸው?»

ይህ ነገር ከኦይታ ልብ አልወጣ አለ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንጌላዊ ሲላስ እጁን በምሥጋና ራስ ላይ ጫነ፤ እንደ ወጉ መንፈሱን ስሙን ጠየቀው።

«ሊንዳ» አለች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ይኸው፣ ተናገረ» አሉ ከኋላ የቆሙት። እናቷ አገርነሽ ማልቀስ ጀመረች።

ኦይታ ግን ስሙን ያውቀዋል። ምሥጋና ቤይሩት በደረሰች ማግስት፣ «እመቤቴ ምሥጋና ማለት ከበዳትና ሊንዳ አለችኝ» ብላ በስልክ እየሳቀች ነግራዋለች።

«ወንጌላዊ፣ ቆይ እስቲ። ሊንዳ እሷው ራሷ ናት።»

«ጋሽ ኦይታ፣ ሰይጣን ይሸነግላል። እርስዎ ይጸልዩ ብቻ።» ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሊንዳ፣ ውጪ። አሁኑኑ ውጪ።»

ምሥጋና ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን ሰበረች። «ሐዲር ማዳም» አለች፣ እሺ እመቤቴ እንደሚሉት፤ በሩን ከፍታም ወጣች። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ።

ኦይታ ተከትሏት ሮጠ። «ምሥጋና» ቢላት አልዞረችም። በዚያኛው ስም ቢጠራት ቀጥ ብላ እንደምትቆም ያውቃል፤ አፉ ግን እምቢ አለው። ከጠራት፣ ያቺ የቤይሩት እመቤት ቆማ ካየቻት ቦታ እሱም ሊቆም ነው። ጌታ ሆይ ብሎ ጀመረና ቀሪውን አጣው። ጎን ለጎኗ ሄደ። ወንዙ አፋፍ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ እጇን ያዛት።

«ውጪ ተብያለሁ እኮ፣ አባ» አለች በጋሞኛ፣ በገዛ ድምፅዋ። «እስከ የት ድረስ ነው የምወጣው?»

ኦይታ እጇን አልለቀቀም፤ እሷም ከውኃው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።