የሦስት ትንኞች ራስጌና ግርጌ

ሞግዚት የሚለውን ስም ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ የወባ ትንኝ አሳድጋለች፤ እጩን በሳህን፣ ክንፍ ያወጣውን በመረብ ሣጥን። ሴቶቹ ትንኞች እንቁላል ለመጣል ደም ስለሚሹ በየሁለት ቀኑ ክንዷን እስከ ክርኗ ወደ ሣጥኑ ትሰዳለች። እዚያው ተወልደው እዚያው የሚሞቱ፣ ወባ የሌለባቸው የቤት ልጆች ናቸውና ከማሳከክ በቀር ጉዳት የላቸውም። ልጆችሽ ጠገቡ ወይ ሲሏት፣ ከናንተ ልጆች ይሻላሉ፣ በልተው ዝም ይላሉ ትላለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ወጣት ዶክተር ነው። ትንኝ ያጠናል እንጂ ትንኝ ሲነድፈው አይወድም። ስላይድ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ያኔ ስንት እንደሰበረ ዛሬም ታስታውሳለች፣ ሲያስፈልግም ትጠቅሳለች።

ጡረታ ልትወጣ አሥር ቀን ሲቀራት ይኸው ዶክተር ፊቱን አጥቁሮ ትንኝ ክፍል ገባ። በአንዳንድ ትንኞች ክሮሞሶም ላይ አንድ ረጅም ቁራጭ ተገልብጦ ይገኛል፤ የሌሎቹ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱም ዓይነት ያላቸውን እናቶች አስወልዶ፣ ከየልጁ አንዳንድ እግር ወስዶ የቁራጩን ጫፍ አስመርምሮ ነበር። የተገለበጠውን የወረሱት በአንድ ሣጥን፣ ቀጥ ያለውን የወረሱት በጎረቤት ሣጥን ገቡ። የተገለበጠውና ቀጥ ያለው ጎን ለጎን ስለማይገጥሙ ዘረመል አይለዋወጡም፤ ልጅ ወይ ይሄን ሙሉውን ይወርሳል፣ ወይ ያንን። አሁን ግን የቁራጩን መሃል ሲያስመረምር፣ ከተገለበጡት ሣጥን ሦስቱ መሃላቸው ቀጥ ያለ ሆኖ ተገኘ።

"መረቡ ቀዳዳ ነበረው እትዬ" አላት። "ከጎረቤት ሣጥን ሾልከው ነው የገቡት።"

መዝገቡን ገልጦ በእርሳስ እንዲያ ብሎ ጻፈ። ሣጥኑ ሊወገድ፣ የሦስት ወር ሥራ ከዜሮ ሊጀመር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችው መዝገብ በስሟ የሚዘጋው "ቀዳዳ ነበረው" በሚል ቃል መሆኑ ነው። እነዚያን መረቦች የምትሰፋቸው ራሷ ናት።

በማግስቱ ትንኞቹን አዛውራ መረቡን መስኮት ላይ ሰቀለችና አንድ በአንድ ዓይኑን ፈተሸች። ምንም የለም። ዶክተሩ አልፎ ሲያያት ፈገግ አለ።

"ሰፍተውት ይሆናላ። የእርስዎ ስፌት ደግሞ አይታይም።"

ሙገሳና ስድብ ባንድ አፍ። መረቡን አጠፈች። ከዚያ ሦስቱ ትንኞች ስንት እግር እንደቀራቸው ጠየቀችው። አራት አራት አላት ግራ ገብቶት።

"እንግዲያው ጫፋቸውን ድገምና እየው፤ በዚህም በዚያም በኩል። ጎረቤት ከሆኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎረቤት ናቸው። እንግዳ በመሃሉ ብቻ እንግዳ አይሆንም።"

ዶክተሩ ሳቀ። ቀዳዳ ካልነበረው የዓርቡን ደም እኔ በክንዴ አበላለሁ ሲል ማለ። እሷም ቃሉን የላቦራቶሪው ጸሐፊ ፊት አስደገመችው።

ውጤቱ ሐሙስ መጣ። ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። የሦስቱም ሁለት ጫፍ የተገለበጠው ነው፤ መሃሉ ብቻ ቀጥ ያለ። ሾልኮ የገባ የለም። ሁለቱ ክሮሞሶሞች እናቶቻቸው ውስጥ ሳሉ መሃል ለመሃል ተለዋውጠዋል።

"መጽሐፉ አይለዋወጡም ይላል እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"መጽሐፉ እምብዛም አይለዋወጡም ነው የሚለው። ለተማሪ ስትነግር ያሳጠርከው አንተ ነህ።"

ላጲስ ፈልጎ አጣ። የራሷን ሰጠችው፤ ሲያጠፋም ቆማ አየችው።

ዓርብ ጠዋት ዶክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ ሣጥኑ ሰደደ። ዓይኑን ጨፈነ። እሷ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የመረቡን አንገት ክርኑ ላይ ያዘችለት። እያሳከከው፣ ነገሩን እንዲረሳው ይመስላል፣ መሃሉን እንዴት እንደጠረጠረች ጠየቃት።

"ባለቤቴ ሲያኮርፍ ትራሱን ይዞ ግርጌ ይተኛ ነበር" አለች። ስለሱ ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። "ራሱ እኔ እግር ጋ፣ እግሩ እኔ ራስ ጋ። በዚያ አተኛኘት ወሬ የለም፣ እርቅ የለም። መሃል ላይ ግን ብርድ ልብስ ስንጓተት እናድር ነበር።"

"ማን ያሸንፍ ነበር?"

"እሱ።" የመረቡን አንገት ትንሽ አጠበቀችው። "አሁን ሙሉው ለኔ ቀርቷል። ክንድህን አታንቀሳቅስ፣ ገና አልጠገቡም።"