የዘመናይ የክረምት ኮርስ

ዘመናይ አምበር በምትባል ትንሽ ከተማ እንግሊዝኛ ስታስተምር ፀጉሯ የሸበተ መምህርት ናት። ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ልታሳድግ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት ትምህርት ስትመዘገብ፣ ኮርሶቿን አብሯት የሚያቅድ አማካሪ ተመደበላት። የቢሮውን በር ከፍታ ስትገባ ከጠረጴዛው ኋላ ብድግ ያለው የኋላሸት ነበር፤ የእንግሊዝኛን ፊደል ራሷ ያስቆጠረችው ልጅ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ተቀመጥ እንጂ፤ ዛሬ መምህሩ አንተ ነህ» አለችው። ፈገግ ብላ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

የኋላሸት ያሰበውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳያት። በመጀመሪያው ክረምት ሰዋስውና የማስተማር ዘዴ፣ በሁለተኛው ሥነ ጽሑፍ። የንግግር ኮርሱን ግን መጨረሻ ላይ አድርጎታል።

«ይኸን ለምን ወደ ኋላ ገፋኸው?»

የኋላሸት ትንሽ አመነታ። «አብረውዎት የሚማሩት አብዛኞቹ ወጣት መምህራን ናቸው፤ አፋቸው ፈጣን ነው። እንዳይከብድዎት ብዬ ነው።»

ነገሩ ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰዋስው ስታስተምር ኖራ ከክፍል ውጭ ከሰው ጋር በእንግሊዝኛ አውርታ አታውቅም። አልተቀየመችውም። እንዲህ የሚጠነቀቅላት መምህር ከእጇ በመውጣቱ ኮራች፤ እሺ ለማለት ግን ልቧ እምቢ አላት።

«አንተ ሰሌዳ ፊት መቆም ስትፈራ ምን አደረግሁህ?»

«በየቀኑ ያቆሙኝ ነበር» አለ እየሳቀ።

«እንግዲያው የንግግሩን ኮርስ አስቀድመው።»

የንግግር ኮርሱ በተጀመረ ዕለት የምታስተምራቸው መምህርት በእንግሊዝኛ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰው ስትጠይቅ ሁሉም አቀረቀረ። ዘመናይ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተሰባበረባት፤ ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማች። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ጀመረች። ስለ አምበር፣ ስለ አገሩ የጤፍ ማሳ፣ አስተምራ ለዩኒቨርሲቲ ስላበቃቻቸው ልጆች ተናገረች። ሳቁ ጠፋ። መምህርቷ ጥያቄ አነሣችላት፤ መለሰች። ሌላ ጠየቀቻት፤ እሱንም መለሰች። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ አንገቷ ቀና እንዳለ ነበር።

ከክፍል ስትወጣ ባሏ ወልደ ሰንበት ደወለ።

«እንዴት ዋልሽ?»

«ከሰው ጋር በእንግሊዝኛ ስጨዋወት ዋልሁ» አለችው።

«እስቲ ያልሽውን ንገሪኝ።»

«አይገባህም እኮ።»

«ባይገባኝስ? ልስማሽ።»

ዘመናይ ከክረምቱ ዝናብ በረንዳ ሥር ተጠልላ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ጀመረችለት።