የሸዋአየሁ ፊት ሲቀላ

አምሳለ በባሏ የፊት ቅላት ትኮራ ነበር። ሸዋአየሁ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እኩዮቹ ሲገረጡ እሱ ቀላ፤ መዳፉ ሳይቀር ደም መሰለ። የካዛንቺስ ጎረቤት "አቤት ወዝ! ምን እያበላሽው ነው?" ሲላት "ጉበትና ቀይ ሥር" ትልና፣ በዓይን እንዳይበሉባት ቶሎ ወደ ቤት ታስገባዋለች። ዳገት ላይ ሲያለከልክ እርጅና ነው አለችው። ራሱን ሲያመው ፀሐይ ነው አለችው። መቼም አምሳለ መልስ የምታጣለት ነገር የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ከአምሳለ ጋር ታክሲ ሲጠብቅ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ዶክተር ኢኽላስ ጣቱ ላይ መለኪያ ሰክታ፣ ደሙን አስመርምራ፣ ኦክስጅን አዘዘች። አምሳለ አልጋውና የኦክስጅኑ ቱቦ መሀል ገብታ ቆመች።

"በፍጹም! ይሄ ለሚሞት ሰው ነው የሚደረገው። ወንድሜ በኮሮና ጊዜ ይሄንኑ አድርገውለት ነው የቀረብኝ።"

ሸዋአየሁም ዕድሜውን ሙሉ እንደለመደው "እሷ ያለችው ይሁን" አለ፤ እሱንም ትንፋሽ እየቆራረጠው።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። "ወይዘሮ አምሳለ፣ ፊታቸው ለምን እንደቀላ ያውቃሉ?"

"ጤና ነዋ! ደሙ ሞልቶ።"

"ሞልቷል፤ ከልክ አልፎ ወፍሯል። ሳንባቸውን ለዓመታት ያጨሱት ሲጋራ ጎድቶታል፣ የሚገባቸው አየር አይበቃም። ሰውነታችን የተሠራባቸው ህዋሳት፣ በዓይን የማይታዩት ማለቴ ነው፣ 'አየር አጠረ' የሚል መልእክት ሁሌም ያዘጋጃሉ። አየር ካለ፣ አየሩ ራሱ መልእክቱን ወዲያው ያስጠፋዋል። ካነሰ ግን የሚያጠፋው ስለሌለ መልእክቱ ይደርሳል። የኩላሊት ህዋሳት ይሄን ጊዜ መቅኒን 'አየር የሚሸከም ደም ጨምር' ብለው ያዛሉ። የጋሽ ሸዋአየሁ ኩላሊት ሲጮኽ ነው የኖረው።"

አየር የሚወጣበትን ቱቦ ትራሱ ላይ አስቀመጠችና "ተነጋገሩ፤ ግን ቶሎ በሉ" ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

አምሳለ የባሏን ፊት አየችው። ያ የኮራችበት ቅላት አስፈራት።

"አየር ያጥርህ ነበር?"

ሸዋአየሁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አንተ፣ ያጥርህ ነበር ወይ?"

"ማታ ማታ። ስጋደም ያፍነኛል። ተነስቼ መስኮት ከፍቼ እቆማለሁ።"

"እኔስ?"

"ትተኛለሽ። ጠዋት ፊቴን አይተሽ ደስ ሲልሽ… በቃ፣ ልነግርሽ አንጀቴ አልችል አለ።"

አምሳለ ይሄን እርጅና ነው አላለችውም። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ጉበት ስትከትፍ፣ ቀይ ሥር ስትልጥ፣ ሰውየው አጠገቧ አየር እያጠረው ኖሯል። ቱቦውን አነሳች። ወንድሟ ትዝ አላት፤ ቢሆንም ራሷ አፍንጫው ላይ አደረገችለት።

"በደንብ ሳብ" አለችው።

ሳበ። ዓይኑን ሲከድን አምሳለ ጨርቋን ልትጥል ደረሰች፤ ደረቱ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች። ልቡ ይመታል። ትንፋሹ ቀስ እያለ ረዘመ፣ ትከሻው ረገበ። ሸዋአየሁ ተኝቷል።

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እስከዛሬ እሱ ቆሞ ሲያድር እሷ ተኝታለች፤ አሁን የመንቃት ተራው የሷ ነው።