ኖራ የተቀባው ድንጋይ

ገና ልጅ ሳለች ከመጋረጃ ጀርባ ሆና የሰማችው ወሬ ነበር። አባቷና ጓደኛቸው ከሥራ ገብተው እጃቸውን እየታጠቡ ነው። ሁለቱም ሐዲድ ጠጋኞች ነበሩ።

«ሐዲዱን ከሥሩ ውሃ አጥቦታል» አሉ አባቷ።

«ታዲያ ነጂዎቹ በምን ያውቃሉ?»

«ድንጋዩን ኖራ ቀብቼዋለሁ። እሱን ሲያዩ ቀስ ይላሉ።»

ከዚያ ውሃ ፈሰሰ፣ የሆነ ነገር ተባለ፣ አንዳቸው ሳቁ። እሷን እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ቦታው የት እንደሆነ ተናግረው ይሁን ሳይናገሩ፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ዓመታት አለፉ፤ መስመሩ ተዘጋ፣ አባቷ አረፉ፣ እሷ ልብስ ሰፊ ሆነች፣ ሐዲዱን ሣር ዋጠው። ያ ወሬ ድንገት ብድግ ብሎ የመጣባት ባሏ ምሳ ላይ ስለ ቀለም ሲያወራ ነው።

ባሏን ሰፈሩ በሙሉ «ፉጨት» ይለዋል። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። እንደሱው ባቡር ካሳበዳቸው ሰዎች ጋር ማኅበር አቋቁሞ፣ ዝጎ የቆመውን ባለ እንፋሎት ባቡር ነፍስ ዘራበት። ከአሮጌው ጣቢያ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሰው ያንሸራሽርበታል፤ ፉጨቱን ሲለቀው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይመልስለታል። አሁን ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ወንዙ ጣቢያ ተጥሎ የኖረውን መስመር መንጥረው፣ ሐዲዱን ጠግነው ሊቀጥሉት ነው። ምረቃው እሁድ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊም ይመጣሉ። ባቡሩ ወንዙ ድረስ ከዘለቀ መስመሩ ለማኅበሩ ይጸናል፤ ካልዘለቀ ለመኪና መንገድ ይሰጣል። ፉጨት ይህን በእንቅልፉም ያወራዋል።

«የሙሽራ መንገድ አስመሰልነው እኮ!» አላት አፉ ሙሉ ሆኖ። «ከወፍጮ ቤቱ እስከ ወንዙ፣ ግራና ቀኝ ያለውን ድንጋይ በሙሉ ነጭ ቀባነው።»

እሷ ቀድማው በልታ የፉርጎውን መጋረጃ እየዘመዘመች ነበር። እጇ ቆመ።

«በሙሉ?»

«አንድ አልቀረንም!»

«ከመቀባታችሁ በፊት ነጭ የነበረ አልነበረም?»

«ምን ነካሽ? ድንጋይ ድንጋይ ነው።» ጉርሻውን ዋጠ። «አንዱ ላይ እንኳ የለቀቀ ኖራ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ደርቤ ቀባሁበት።»

መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙ መጋረጃውን እንዳይነካው ጣቷን እየመጠጠች የሰማችውን ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ።

«አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከመቃብርም ሆነው ቀስ በል ሊሉኝ ነው?»

«አትቀልድ። ልጃችን ሕፃኗን ታቅፋ የምትቀመጠው ፊተኛው ፉርጎ ላይ ነው።»

«የማኅበራችን መሐንዲስ መስመሩን በእግሩ ሄዶ አይቶታል። ድንጋይ የጫነች የሐዲድ ጋሪ አስኬዶበታል። ሰውዬው ተምሮበታል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ጋሪዋና ባቡርህ እኩል ይከብዳሉ?»

ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ኃላፊው ፊት ቆሜ፣ ሚስቴ በልጅነቷ እንቅልፍ ሲያንጎላጃት ሰምታለችና ባቡሩ ቀረ ልበል?»

እሷስ ብትሆን በምን እርግጠኛ ትሁን? ሕልምም ሊሆን ይችላል። ከሰዓቱን ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ ስትለፋ ዋለች፤ በመጨረሻ ብታየው የመጋረጃውን ገበር ገልብጣ ሰፍታዋለች። ቁጭ ብላ መተርተር ጀመረች። በየክሩ መሃል «አምላኬ፣ ሕልም ከሆነ አስረሳኝ፤ እውነት ከሆነ ግን ዝም አታሰኘኝ» ትላለች። አልረሳችውም።

በማግስቱ ወደ ጋሽ መዶሻ ሄደች። ያን ጊዜ ከአባቷ ጋር እጃቸውን ሲታጠቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ እግራቸው ከድቷቸው፣ በልጃቸው ቤት መስኮት ሥር አላፊ አግዳሚውን እያዩ ይውላሉ።

«ጋሼ፣ ውሃ ያጠበው ቦታ ነበር ወይ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ከመንገዱ ወደ እሷ መለሱ። «ማን ነገረሽ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሕልም እንዲሆን ተስፋ ታደርግ ኖሯል።

«ድልድሉ ላይ፣ አፈር ተከምሮ ሐዲዱ ከፍ ያለበት ጋ ነው» አሉ። «ከሥሩ የውሃ መውረጃ ቱቦ አለ። ተሰብሮ አፈሩን ውሃው ሲበላው፣ እኔና አባትሽ እንጨትና ድንጋይ ጠቀጠቅንበት። በደንብ ይሠራ ብለን አመለከትን፤ ቆዩ አሉን። እንደቆየን መስመሩ ተዘጋ። እስካሁን እንጨቱ ምን ቀርቶት?»

«ድልድሉ እኮ ረጅም ነው። የቱ ጋ?»

«የቱቦው አፍ በናዳ ተደፍኗል፤ አይታይም። ግን ችግር የለውም፤ አባትሽ ድንጋይ ኖራ ቀብቷል። ነጩን ድንጋይ ማየት ነው።»

«ሁሉንም ነጭ ቀብተውታል፣ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«ለምረቃው እንዲያምር ብለው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ይዘው ቀሩ። «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! በቀለም ያመለከትነውን በቀለም ቀበሩት?»

«ይምጡና ያሳዩን።»

«እኔ? ያን መስመር ሲዘጉት ዳግመኛ በእግሬ አልረግጠውም ብዬ ምያለሁ!»

«በእግርዎ ማን ይርገጡ አለዎት? በጋሪ እንወስድዎታለን።»

ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እየሳቁ ነበር። «እንደ አባትሽ ምላስሽ አያርፍም» አሉ። «ካፖርቴን አቀብዪኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ፉጨት እያጉረመረመ ጋሪዋን ገፋ። ጋሽ መዶሻ ላይዋ ተቀምጠዋል። መሐንዲሱም ወሬውን ሲሰማ ሳይጠሩት መጣ፤ «ካላየሁት ነገ ባቡሩ ላይ መቀመጥ አልችልም» አለ። ድልድሉ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። የሚያውቁት ቁጥቋጦ ተመንጥሯል፤ ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጥርስ ነጥቷል።

«አላውቀውም» አሉ ቀስ ብለው። «የቱም ሊሆን ይችላል።»

«ይኸው!» አለ ፉጨት። «እንሂድ በቃ።» ድምፁ ግን እንደ ልማዱ አልነበረም።

እሷ ከቦርሳዋ ቢላ አወጣችና ተንበርክካ የመጀመሪያውን ድንጋይ ፋቀች። ከቀለሙ ሥር ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ፉጨት።

«እየተረተርኩ። ገበሩ ኖራ የሆነውን ነው የምፈልገው።»

መሐንዲሱ ቁልፉን አውጥቶ በሌላኛው ዳር መፋቅ ጀመረ። ፉጨት ሁለቱን ቆሞ አያቸው። ያን ሁሉ ቀን ጎንበስ ብሎ የቀባው ቀለም ነው። በመጨረሻ ቆቡን አውልቆ ጋሪዋ ላይ ወረወረና እሱም ተንበረከከ። ሦስቱም አቧራ ለብሰው ሲፍቁ ጋሽ መዶሻ ብቻ «ወደዚያ! ወደዚያ!» እያሉ ከጋሪዋ ላይ ያዛሉ።

ያገኘው ራሱ ፉጨት ነው። አልጮኸም። እሷ ዞር ስትል እጁ ድንጋዩ ላይ አርፎ አየችው፤ ከአዲሱ ቀለም ሥር ቢጫ የመታው ኖራ በጣቱ ላይ እንደ ዱቄት ተጣብቋል።

መሐንዲሱ ከድንጋዩ ትይዩ፣ በሐዲዶቹ መሃል ዲጂኖ ተከለና ገፋው። ትንሽ ጠጠር ተከላከለው። ከዚያ ዲጂኖው ሰተት ብሎ ገባ፣ እጁ መሬት እስኪነካ ድረስ። ከታች የሆነ ነገር ተናደ፤ ድምፁን ሁሉም ሰሙት።

«በአንድ ቀን አይጠገንም?» አለ ፉጨት።

«በአንድ ወርም ከተጠገነ እሰየው ነው» አለ መሐንዲሱ። «ጋሪዋ ማለፏም ተአምር ነው። እኔ በላዩ ሄጄ አላየሁትም።»

ፉጨት ሐዲዱ ላይ ተቀመጠ። ድልድሉን ተሻግሮ የወንዙ ጣቢያ ጣሪያ ይታያል፤ አዲስ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ የኃላፊው ፊት፣ የመንገድ ሠሪዎቹ መኪና፣ በባሏ የሚሳለቀው ሰፈር ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ምን ብላ ታጽናናው?

«መስመሩን ይወስዱታል» አላት።

«ሊወስዱት ይችላሉ።»

«ልጃችን ፊተኛው ፉርጎ ላይ ልትቀመጥ ነበር።»

«አዎ።»

ድንጋዩን እንደገና አየው። ጣቱ ላይ ያለውን ኖራ ሱሪው ላይ ሊጠርግ አለና ተወው።

«እሺ» አለ። «ነገ እዚህ ድንጋይ ጋ ሳልደርስ፣ ከድልድሉ ወዲህ ባቡሩን አቆማለሁ። መሐንዲሱ አይናገርልኝ፣ አንቺም አትናገሪልኝ። እኔው ወርጄ፣ ለኃላፊው በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።»