ከሁሉ የከፋው ቀን

«ከሁሉ የከፋውን ቀን ይንገሩኝ» አለ ዋረን፣ እስክሪብቶውን እየነካካ።

ግሌኒስ ጥርሷን ነከሰች። በየዓመቱ ይኸው ነው። በየዓመቱ ረዳት ከሚመድብላቸው መሥሪያ ቤት አንድ አዲስ ሰው ይመጣል፣ ሻይዋን ይጠጣል፣ ከዚያ ልጅሽ ዛሬም ኦቲዝም እንዳለባት አስረጂ ይላታል። ጉንፋን ይመስል፣ ዘንድሮ ለቋት እንደሆነ ሊያጣራ! በሎንሰስተን ከተማ እንደ እሷ ያሉ እናቶች ዘዴውን ደርሰውበታል፤ እርስ በርስም ይመካከሩበታል፦ ስለ ደህናው ቀን ትንፍሽ እንዳትዪ። ደህና ቀን ያወራች እናት የረዳት ሰዓቷ ይቀነስባታል።

ሰዓቱ ከተቀነሰ ደግሞ ግሌኒስ አለቀላት። ወገቧ አልችል ብሏል፤ ረዳቷ በሳምንት አራት ቀን ካልመጣች ልጇን ኢሞጀንን ገላዋን ማጠብ አይሆንላትም። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ልጇን ለማታውቃቸው ሰዎች አሳልፎ መስጠት ነው።

ጣጣው ግን ኢሞጀን እዚያው መቀመጧ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በአፏ አትናገር እንጂ ጆሮዋ የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማል። «ባለጉዳይዋ ራሷ ትገኝ» የሚል ደንብ አውጥተው፣ ከተገኘች በኋላ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ምን ዓይነት ክብር ነው ይሄ?

«ኢሞጀን፣ የኔ ቆንጆ፣ ጓሮ ወጣ ብለሽ ዶሮዎቹን አታያቸውም?»

ኢሞጀን ንቅንቅ አላለችም። ጭኗ ላይ ያለውን ታብሌት ጠርዝ በአውራ ጣቷ ማሻሸቷን ቀጠለች።

«እሺ እንግዲህ» አለች ግሌኒስ፤ በቃሏ የያዘችውን አወረደችው። «ራሷን ከልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ጋር ታጋጫለች፤ ደም እስኪወጣት። እኔንም ነክሳኛለች፣ ጠባሳው ይኸው።» የተናገረችው ሁሉ በእርግጥ የደረሰ ነው። ቢሆንም ልጇን ገበያ መሃል ልብሷን እንዳስወለቀቻት ሆኖ ተሰማት።

«መጋጨቱ በምን ያህል ጊዜ ነው?»

«በሳምንት ሦስቴ።»

ኢሞጀን የጻፈችውን የሚያነብላት የታብሌቱ ድምፅ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ «አንዴ ነው። ማክሰኞ።»

ግሌኒስ ፊቷ ደም መሰለ። ወይ አበሳ! ይህች ልጅ ቁጥር ሲዛባ ዝም ማለት አትችልም፤ ማንኪያ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲጎድል ታውቃለች። ወልዳ ያሳደገቻት እናት እንዴት ይሄን ትረሳለች? ሰዓቱ ሄደ ማለት ነው።

ዋረን ቀና ብሎ፣ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጅቷን አያት።

«ማክሰኞ ምን ሆነሽ ነው?»

ጣቷ ከፊደል ወደ ፊደል ቀስ እያለ ሄደ። ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«እማዬ ለእናንተ የምትነግረውን በስልክ ስትለማመድ ሰማኋት።»

ግሌኒስ አስታወሰች። ለእህቷ ነበር፣ ልብስ እያጣጠፈች። የልብስ ማጠቢያውን ክፍል በር የዘጋችው መስሏት ነበር። አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሄን…» ዋረን እስክሪብቶውን አንስቶ ወደ እናትየው ዞረ፤ «ልጻፈው?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ!» አለች። «እሷ አለችልህ አይደል እንዴ!»

ዋረን ወንበሩን አዞረ። ኢሞጀን ግን ወደ እሱ አላየችም፤ አጎንብሳ ለእናቷ መጻፍ ጀምራለች።

«እማዬ» አለ ታብሌቱ። ጣቷ ገና አላቆመም።