ብሩኬስ?

«አባዬ፣ ዛሬ ባትመጣስ?»

ብሩኬ ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ፣ ምላጩን ጉንጩ ላይ እንዳሳረፈ ደርቆ ቀረ። ልጁ ሳያት የባኞ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ጸጉሯን ተሠርታለች፤ ዓይኗን ግን ከወለሉ አላነሳችም።

«አንደኛ ወጥተሽ እንዴት አልመጣም?»

«እሱማ... ስሜን ሲጠሩ ይዘፍናሉ።»

ብሩኬ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ ኮልፌ እነ ብሩኬ ግቢ ተከራይተው ከሚኖሩ ሰዎች የተወለደች ሰብሌ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አንድ ዘፈን አወጣች። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ቆማ ስለጠበቀችው ልጅ የሚያወራ ዘፈን ነው። እሷ «ብሩኬስ?» ትላለች፤ ተቀባዮቹ «ቀረ!» ይላሉ። ይኸው ነው፣ በቃ። ስንት የተለፋበት ግጥም ሲረሳ ይህቺ ግን አገሩን አዳረሰች። ሠርግ ላይ ተዘፈነች፤ አጥቂ ጎል ሲስት ኳስ ሜዳ ላይ ተዘፈነች። ቲክቶክ ሲመጣ ደግሞ፣ ዘፈኑ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ጨፈሩባት። ይባስ ብሎ ቋንቋ ሆነች። ቀጠሮ አክባሪ ያልሆነ ሰው ሲያጋጥም «ብሩኬ ሠራኝ» ማለት ተለመደ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ፌርማታው ላይ ዝናብ የቀጠቀጠው ብሩኬ ነበር፤ የቀረችው ሰብሌ ናት። ዘፈኑ ሲወጣ ተናዶ ሊጠይቃት ሄደ።

«እናቴ አላስወጣ ብላኝ ነው እኮ» አለችው እየሳቀች። «ደግሞ ‹ሰብሌ ቀረች› ቢባል ዜማው ላይ አይገባም።»

ሰብሌ አሁን ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ መዝፈን ከተወች ቆይታለች። ብሩኬ ግን ይኸው ዘፈኑ ውስጥ እንደተቆለፈበት አለ። የብረት በርና መስኮት ይሠራል፤ ባለው ቀን ሳያደርስ ቀርቶ አያውቅም። ሆኖም ደንበኛ ሁሉ ቀብድ ከሰጠ በኋላ «ታዲያ ብሩኬ እንዳትሠራኝ!» ይለውና፣ ማንም ብሎት የማያውቀውን ቀልድ የፈጠረ ይመስል ይንከተከታል። ብሩኬም አንጀቱ እያረረ አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ? ቢቆጣ ሌላ ዘፈን ነው።

ለልጁ ይተርፋል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። የአባት ስም ልጅ ሳይጠየቅ የሚሸከመው ነገር ነው።

«ቲቸር ርሆቦትን ጠይቄያት ነበር» አለች ሳያት። «አባትሽ ከፈቀደ በአያትሽ ስም እንጠራሻለን ብላለች። ሳያት ፀሐዬ።»

ምላጩን አለቀለቀው፤ ንጹሕ ነበር፣ እንደገና አለቀለቀው።

«እናትሽ ክሊኒክ ተረኛ ናት። እኔም ከቀረሁ ማን ያይሻል?»

«ቀረሁ» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ሁለቱም ሰሙት። ሳያት ከንፈሯን ነከሰች።

«እሺ» አላት ብሩኬ። «በአያትሽ ስም ይጥሩሽ። እኔ ግን እመጣለሁ።»

«ኋላ ትቀመጣለህ?»

«ኋላ እቀመጣለሁ።»

ቤቴል ያለው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በወላጅ ጢም ብሏል። ብሩኬ ቃሉን ጠብቆ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። መድረኩን የሚመራው የሙዚቃ መምህሩ ገዳ ነው፤ ወጣት፣ ተጫዋች፣ ማይክ ከያዘ የማይለቅ።

«ከአምስተኛ ክፍል አንደኛ፣ ሳያት ፀሐዬ!»

ጭብጨባ ሆነ። የክፍሏ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ እንጂ ማንም አልዘፈነም። ሳያት ቀና ብላ ወጣች። ብሩኬም አጨበጨበ። ፀሐዬ የሞተው አባቱ ነው። ከአባቱና ከልጁ መሃል እሱ እንደ ትርፍ ብረት ተቆርጦ የወጣ መሰለው።

«የሳያት ወላጅ! ለፎቶ ወደዚህ!» አለ ገዳ።

ብሩኬ አልተነሣም። ኋላ እቀመጣለሁ ብሏል።

«የሉም? ኧረ የሳያት አባት!» ገዳ ግንባሩን በእጁ ከልሎ አዳራሹን ቃኘ። «ሳያትዬ፣ አባትሽ ብሩኬ ሠራሽ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት አንዱ ልጅ «ብሩኬስ?» ብሎ ጮኸ፤ ወላጁ ሳይቀር «ቀረ!» ብሎ ተቀበለው። ሳያት ሰርተፍኬቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ለማልቀስ በቋፍ ላይ ሆና ቆማለች።

ብሩኬ ቢነሣ ስሙን ይጠይቁታል፤ ቢቀመጥ ደግሞ ቀረ ማለት ነው። በየት በኩል ይውጣ?

«አለሁ!» ብሎ ተነሣ። ድምፁ ከፍ ብሎበት ራሱም ደነገጠ።

መድረኩ ላይ ሲደርስ ገዳ ማይኩን አፉ ሥር ደቀነለት። «እሰይ! ማን ልበል?»

ሳያት የአባቷን ጫማ እያየች ነው።

«ፀሐዬ» አለ ብሩኬ።

«ለአቶ ፀሐዬ አጨብጭቡላቸው!»

ተጨበጨበ። ማንም አልዘፈነም፤ ማንም አልሳቀም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተመኘው ይህንን ነበር። ሲያገኘው ግን የሰው ኮት ለብሶ የተያዘ ያህል አፈረ። ፎቶውን ተነሥተው ደረጃውን እንደወረዱ ሳያት እጅጌውን ያዘችው።

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ያልሽው?»

«እኔ የኔን ነው እንጂ ያንተን መቼ አልኩ?» እንባዋ መጣ። «አያቴ እኮ ሞቷል። የመጣኸው አንተ ነህ።»

ከኋላቸው ገዳ የስድስተኛ ክፍሎቹን ዝርዝር ማንበብ ሊጀምር ጉሮሮውን እየጠራረገ ነው።

«ይዘፍናሉ እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች፤ እጅጌውን ግን ለቀቀችው።

ብሩኬ ደረጃውን ተመልሶ ወጣ። ገዳ ግራ ተጋብቶ ማይኩን ዝቅ ሲያደርግ፣ ብሩኬ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።

«ይቅርታ መምህር» አለ። «ስሜን ተሳስቻለሁ።»